ማጣበቂያ ያልነካቸው ቡሎኖች

መካኒኩ ታምራት የሞተሬን ቡሎኖች ያለ ማጣበቂያ አሰረ። ከዚያ «ቀብቼዋለሁ፣ ንዳ» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። መኪናዬ በዚህ ሞተች። የተበደልኩት ይህን ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በሁዳዴ ጾም፣ እዚሁ መንዝ ውስጥ ነው። እስከ ዛሬ ከሐሳቤ ያልወጣው መኪናዋን ስላጣሁ ብቻ አይደለም። ንብረት የሚያጣ ብዙ ሰው አለ። እኔን ያንገበገበኝ «አልቀባሁም» የምትል አንዲት ቃል ከአንድ ሰው አፍ እንድትወጣ ለምኜ ሳላገኝ መቅረቴ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። መንጃ ፈቃድ ያለ ትምህርት አይሰጥም ሲሉኝ የማታ ትምህርት ገባሁና እየወደቅሁ እየተነሣሁ ተማርኩ። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ታገሡኝ። ውሸት ግን አላስገባሁበትም።

መኪናዋ አሮጌ ፒክአፕ ነበረች። እሷን ለመግዛት በጎቼን ጠርጌ ሸጥኩ። መሬቴንም ለጎረቤት በእኩል ሰጠሁ። እሱ ያርሳል፣ ከሚገኘው ገብስ ግማሹ የእኔ ነው። ዘመዶቼ አብዷል አሉ። እኔ ግን ከውርጭና ከበረዶ ጋር መታገል ሰልችቶኝ ነበር። ከመሐል ሜዳ ሞላሌ፣ ከሞላሌ መሐል ሜዳ፣ ገብስም በግም ሰውም እጭናለሁ። ቤቴ የሚበላው ከሷ ነበር። እሷ ከቆመች ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም።

መጋቢት ላይ ፍሪሲዮኗ አለቀ። ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ዳገቱን እንቢ ትላለች። ወደ ታምራት ወሰድኳት። ታምራት ከተማ ውስጥ ጋራዥ ያለው ጎረምሳ ነው። የንስሐ አባቴ የቄስ ሞገስ ልጅ ነው። ብዙ ሰው ወደ እሱ የሚሄደው ለአባቱ ካለው አክብሮት የተነሣ ነው። እኔም እንደዚያው።

ማርሹን አውርዶ አሳየኝ። ፍሪሲዮኑ የሚለጠፍበት ከባድ ክብ ብረት አለ፣ ቮላኖ ይሉታል። ሞተሩ ጀርባ ላይ አብሮ የሚሽከረከረው እሱ ነው። እሱን ከሞተሩ ጋር የያዙት ቡሎኖች አርጅተዋል። ታምራት እውነቱን ነገረኝ፣ አልክድም። ደግ የሚሆነው ቡሎኖቹን በአዲስ መቀየር ነው፣ እሱም ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት አለ። ፊቴን አየና ደግሞ ሌላ መንገድ አለ አለኝ። ጥርሳቸው ላይ ጠብ የሚደረግ ማጣበቂያ አለ፣ ሲደርቅ ቡሎኑን ይይዘዋል፣ ሞተሩ የፈለገ ቢንቀጠቀጥ አይፈታም። አሮጌው ቡሎን በዚያ ይሠራል አለኝ። አቅሜ የሚችለው ይህን ነው፤ እሺ አልኩ።

ማጣበቂያውን ፍለጋ ደብረ ብርሃን ድረስ ወረድኩ። ባለ ሱቁ ከዓይን ጠብታ ጠርሙስ የማትበልጥ ቀይ ነገር ሰጠኝ። ላይዋ ላይ ያለው ጽሑፍ የፈረንጅ ነው። እኔ የማነበው አማርኛ ብቻ ነው፣ እሱንም በጣቴ እየተከተልኩ። ስለዚህ ባለ ሱቁን አንብብልኝ ብዬ ለመንኩት። አነበበልኝ። የቡሎኑ ጥርስ ዘይት ካለበት አይይዝም፣ በቤንዚን ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ጠብ ይደረግበት፣ ይታሰር፣ ከዚያ ሳይነካ ይደር። እሱን አቡነ ዘበሰማያትን እንደማውቀው በቃሌ ይዤ መጣሁ።

ጠርሙሷን ለታምራት ሰጥቼ እንዳለ ነገርኩት። ጋራዡ ውስጥ ሌሎች ሰዎች ነበሩ።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ፊደል ከቆጠርክ ወዲህ መካኒክም ሆንክ?» አለኝ።

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ከሁሉም በላይ የሚያቃጥለኝ ያ ሳቄ ነው።

ቀኑ የመጋቢት መድኃኔዓለም ዋዜማ ነበር። የደብራችን ታቦት መድኃኔዓለም ነው። በዕለቱ በእኛ አገር ቁልፍ የሚያነሣ፣ ሞፈር የሚነካ የለም። ዋዜማው ላይ ደግሞ የካህን ልጅ ጋራዥ ከፍቶ ቢያመሽ ሰው ምን ይላል? ታምራት ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ ያያል። አንተ ሂድ፣ እኔ ቀብቼ አስሬያት እዘጋለሁ አለኝ። ነገ በዓል ነው፣ ማንም አይነካትም፣ ቀኑን ሙሉ ትደርቃለች አለ። ነገሩ ደስ አለኝ። መድኃኔዓለም ራሱ ቆሞ ያደርቅልኛል ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በዓሉ ባለፈ ማግስት ጠዋት ሄድኩ። መኪናዋ ተገጣጥማ ቆማለች።

«ቀባኸው?»

«ቀብቼዋለሁ፣ ንዳ።»

የተረፈውን ማጣበቂያ ስጠኝ አልኩት። አለቀ አለ። ለነዚያ ቡሎኖች ያ ሁሉ ያልቃል ወይ የሚል ነገር በልቤ ሽው ብሏል። ግን የንስሐ አባቴን ልጅ ምን ብዬ ልጠርጥር? ቁልፉን ተቀብዬ ነዳሁ።

ጥቂት ቀን ደህና ሄደች። ከዚያ ከእግሬ ሥር አንድ ድምፅ መጣ። ሙቀጫ ውስጥ የሆነ ነገር የሚወቅጥ ሰው ይመስላል። ወደ ታምራት ተመለስኩ። ከመቀመጫው እንኳ ሳይነሣ አዳመጠና አዲስ ፍሪሲዮን መጀመሪያ ላይ ይጮኻል፣ ይለምዳል አለኝ። ይለምዳል። ይህችን ቃል እስክሞት አልረሳትም።

ሆሳዕና ሊደርስ ሲል ከሞላሌ ገበያ እየተመለስኩ ነበር። ከኋላ ገብስ ጭኛለሁ፣ ገብሱ ላይ ሰው ተቀምጧል፣ አንዲት ሴት ሙክት ይዛለች። ዳገቱ መሐል ላይ ስደርስ ከሥሬ መድፍ የተተኮሰ መሰለኝ። ቮላኖው ቡሎኖቹን በጥሶ፣ የማርሹን ቅርፊት ሰብሮ ወጣ። ሞተሩ ብቻውን ጮኸ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።

ፍሬን ረገጥኩ። ጭነቱ ከብዶ አልይዝ አለ። ከኋላዬ ሰው «መድኃኔዓለም! መድኃኔዓለም!» ይላል። በአንድ ወገን ገደል ነው፣ በሌላው ወገን የተቆረጠ አፈር። መሪውን ወደ አፈሩ ጠመዘዝኩ። ጀርባዋን አፈሩ ላይ ሰክታ ቆመች።

ሰው አልሞተም። ለዚህ አምላኬን አመሰግናለሁ፣ ሌላ የማመሰግነው የለም። ሙክቱ ግን ከላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። መታረድ ነበረበት፤ አንዱ ተሳፋሪ አረደው። ባለቤቲቱ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ቆየችና «ሁዳዴ ነው፣ ይህን ሥጋ ማን ሊበላው ነው?» አለችኝ። ቆዳውን ገፍፋ ይዛ ሄደች። ሥጋውን ለአሞራ ተውነው።

መኪናዋን በሌላ መኪና አስጎትቼ ደጄ አቆምኳት። የወደቁትን ቡሎኖች ከሥሯ ለቅሜ በመሐረብ ቋጠርኩና እንደገና ደብረ ብርሃን ወረድኩ። አንድ የማላውቀው መካኒክ ጋ ገባሁ። መሐረቡን ፈትቼ አሳየሁት። አንዱን ቡሎን አንሥቶ ወደ ብርሃን ዞረ፣ በጥፍሩ ጥርሱን ፋቅ ፋቅ አደረገ።

«ማጣበቂያ የነካው ቡሎን ጥርሱ ውስጥ የደረቀ ቀለም ይተዋል» አለኝ። «ይሄ ያለው ዘይት ብቻ ነው። ጠብታ አልነካውም።»

ሞተሩስ አልኩት። የደረሰውን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ቮላኖው የሚታሰርበት የሞተሩ ጫፍ ከተበላ፣ ማርሹም ከተሰበረ ሁለቱንም ሌላ መግዛት ነው አለ። አሮጌዋ መኪና ደግሞ ያን ያህል አታወጣም። ይህን የቡሎኑን ነገር መጥተህ ለሽማግሌዎች ንገርልኝ ብዬ ለመንኩት። ቡሎኑን መሐረቤ ላይ መልሶ አስቀመጠ። «ወንድሜ፣ እኔ የሰው እንጀራ ውስጥ አልገባም» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

ባለቤቴ በለጥሽ ደግሞ አንድ ቀን ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ሌላ ወሬ ይዛ መጣች። የወፍጮው ሞተር ሲንቀጠቀጥ ቡሎኑ እየተፈታ ያስቸግር ነበር። ታምራት ቀይ ጠብታ ጠብ አድርጎበት አሁን ጸጥ ብሏል ይላሉ። መቼ ነው ያደረገው ብዬ ባለ ወፍጮውን ጠየቅሁት። አያ ሽፈራው፣ ቀን አልቆጥርም አለኝ። ወፍጮው ነገ ቢቆም የሚጠራው ታምራትን ነው። ገባኝ።

ታምራት ጋ ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅሁት። ሞተሯን ሥራልኝ፣ ካልቻልክም አልቀባሁም ብለህ እመንልኝ አልኩት። ቀብቼዋለሁ አለ። በሽማግሌ ከሰስኩት። እኔና እሱ የአንድ ደብር ሰዎች ነን፣ ሳይሸመገል ፍርድ ቤት የሄደ ሰው በእኛ ዘንድ ነውረኛ ነው።

አንድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀመጥን። ዳኛው አቶ ይልማ የሚባሉ ትልቅ ሰው ናቸው። በበግ፣ በድንበር፣ በጋብቻ ብዙ አስታርቀዋል። የሞተር ነገር ግን መጥቶባቸው አያውቅም። በደሌን ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ ቡሎኖቹን ከእጅ ወደ እጅ አዟዟሯቸው። አንዱ አሸተተው።

«ለመሆኑ ይኸ ማጣበቂያ ምን ያህላል?» አሉኝ አቶ ይልማ።

አውራ ጣቴን አሳየኋቸው።

«እና ያን ሁሉ ብረት የሚይዘው አንድ ጣት ሙጫ ነው?»

«ሚስማር ጠፍቶ ነዋ!» አለ ከዳር አንዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ።

ታምራት ቀጠለ። ቀብቼዋለሁ፣ የሰበራት እሱ ነው፣ ከልክ በላይ ይጭናል አለ። እጭናለሁ። መንዝ ውስጥ የማይጭን መኪና ካለ አምጡና አሳዩኝ። ግን ጭነት ቡሎን ይሰብራል እንጂ ከቡሎን ላይ ማጣበቂያ አይልስም። ይህንን ተናገርኩ፣ የሰማኝ የለም። ፊታቸውን ሳይ ሙግቱን እንደተረታሁ አወቅሁ። በነሱ ዓይን እኔ ለአንድ ጠብታ ሙጫ የካህን ልጅ የከሰስኩ ሰው ነኝ።

ያኔ የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ተነሣሁ።

«ማስረጃ አላመጣም። ሌላ መካኒክም አልጠራም። መድኃኔዓለም በር ላይ ቆሞ ቀብቼዋለሁ ብሎ ይማልልኝ። ከማለ መኪናዬንም ነገሬንም ትቻለሁ።»

ሳቁ ቆመ። በእኛ አገር ሰው በብዙ ነገር ይዋሻል፣ በታቦት በር ግን ቆሞ በሐሰት አይምልም። በሐሰት የማለ ሰው ልጁንም ከብቱንም ያጣል ብለን እናምናለን። ታምራት ወደ አባቱ አየ። ቄስ ሞገስ ከሽማግሌዎቹ ኋላ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። መሬት መሬት ያዩ ነበር። አቶ ይልማ ጉሮሯቸውን ጠረጉና መሐላ ቀላል ነገር አይደለም፣ ይታሰብበት ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

እኔ እየተደሰትኩ ሄድኩ። በቀጠሮው ቀን ወይ ይምላል ወይ ያምናል ብዬ ነበር። ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ረሳሁት።

ቀጠሮው ሳይደርስ፣ በሰኔ ሚካኤል ጠዋት ካፊያ እየጣለ በአጥሩ በር ድምፅ ሰማሁ። ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። ቄስ ሞገስ ከፊት ናቸው። ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። ትንሽ ድንጋይ አልመረጡም። በሁለት እጃቸው ይዘውት አንገታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጥምጥማቸው በዝናቡ ረጥቧል። ሽማግሌዎቹ ከኋላቸው ናቸው። ታምራት አጥሩ ጋ ቀርቷል።

ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ለእሳቸው ተንበርክኬ ኃጢአቴን የተናገርኩ ሰው ነኝ። ልጆቼን ያጠመቁ፣ እናቴ ስትሞት የፈቷት እሳቸው ናቸው።

«አባ፣ ይነሡ። ድንጋዩን ያውርዱ» አልኳቸው።

«ይቅር ካላልከኝ አላወርደውም።»

«እርስዎ ምን በደሉኝ?»

«ልጄ የበደለህ እኔ የበደልኩህ ነው።»

«እንግዲያስ እሱ ይናገር። ቀባህ ወይስ አልቀባህም? ሌላ አልጠይቅም። መኪናዬን ሥራልኝም አልልም።»

ሁሉም ወደ አጥሩ ዞረ። ታምራት ስልኩን ይነካካ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ቄስ ሞገስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከእኔ በቀር የሰማቸው አይመስለኝም።

«ሽፈራው ልጄ፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ፈርቼ ነው። አንተም አትጠይቅብኝ።»

በለጥሽ ከኋላዬ ጋቢዬን ጎተተች። «ቄስ ጭቃ ላይ አንበርክከህ ልትሟገት ነው? ቤታችን ላይ ምን ልታወርድብን ነው?» አለችኝ። ሽማግሌዎቹም በየተራ ለመድኃኔዓለም ብለህ፣ ለዛሬዋ ቀን ብለህ ይሉኛል። ድንጋዩ ደግሞ ወደ አንድ ጎን እየተንሸራተተ ነው። የቄስ ሞገስ እጅ ዝሏል። ወድቆ ቢሰብራቸው ገዳዩ እኔ ነኝ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን ተቀበሏቸው። መረቁኝ። አቶ ይልማ «ሰው ማለት አንተ ነህ» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ታምራት መጣና እግሬን ለመሳም ጎንበስ ብሎ፣ ሳይደርስ ተነሣ። ወግ ነው፣ አደረገው። አንድ ቃል አልተናገረም። አንዴ ይቅር ከተባለ ነገሩ አይነሣም። ፍርድ ቤት መሄድም፣ በሰው ፊት ማውራትም የለም። ይህን ስጽፍ የሚቆጡኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ይቆጡ።

መኪናዋ አሁንም ደጄ ቆማለች። ጎማዋን፣ ባትሪዋን፣ መስታወቷን እየፈታሁ ሸጫለሁ። የቀረው ቆርቆሮ ነው። በግ የለኝም። መሬቴን በእኩል የሚያርሰው ጎረቤት የዘራውን ሳይሰበስብ አልለቅም አለ፣ እውነቱን ነው። እኔ መናኸሪያ እየሄድኩ ጭነት አወርዳለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ጀርባዬ ላይ ገብስ እሸከማለሁ። ታምራት ሲያልፍ ያየኛል። «ጋሽ ሽፈራው፣ እንዴት ነህ?» ይለኛል። ደህና ነኝ እለዋለሁ።

ቁርባን ከተውኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ቂም ይዞ መቁረብ አይቻልም። ቂም ደግሞ ይዤአለሁ፣ እዚህ አልዋሽም። ቂሜን የምናዘዘው ለንስሐ አባቴ ነው፤ ንስሐ አባቴ የሱ አባት ናቸው። ሌላ የንስሐ አባት ልያዝ ብል ይቅርታው የውሸት ነበር ይባላል፣ እሳቸውንም አዋርዳቸዋለሁ። ቄስ ሞገስ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ መስቀል ያሳልሙኛል። ልጄ፣ ሳትመጣ ቆየህ ይሉኛል። እመጣለሁ እላቸዋለሁ። አልሄድም። የማልሄድበትን ምክንያት ያውቃሉ፣ እኔም እንደሚያውቁ አውቃለሁ፣ ሁለታችንም ስለ አየሩ አውርተን እንለያያለን።

ሰው ሲጠይቀኝ ታርቀናል እላለሁ። ሽማግሌዎቹም እንደዚያ ይላሉ። ነገሩ ያለቀው ሰኔ 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ ጠዋት ነው።